ጓሳው የተከፈተ ዕለት የተከተለኝ ውሻ

ነገሩ የሆነው ባለፈው በጋ፣ ጓሳው ለአጨዳ በተከፈተበት ዕለት ነው። እስካሁን የማልረሳው፣ እኔው ያመጣሁት ደንብ መጀመሪያ የያዘው እኔኑ ስለሆነ ነው።

መንዝ ውስጥ ጓሳ ከሚባለው ሰፊ የሣር መሬት ጥግ ነው የምንኖረው። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሽማግሌዎች በቆረጡት ቀን ይከፈታል። ያን ቀን ያጨደ አጨደ፤ ያላጨደ እንደገና ዓመታት ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ የምድራት ልጅ ነበረችኝ። የዚህችው ልጄ የብርቄ ጎጆ ግድግዳው ቆሞ የጓሳ ሣር ክዳን ብቻ ቀርቶታል።

ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት በራሴ ነው። ያነበብኩትን ደግሞ ለሰው ሳልናገር አላድርም። ቀይ ቀበሮ ከአገራችን በቀር በዓለም ላይ እንደሌለ፣ የሚፈጀውም ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ እንደሆነ ካወቅሁ ወዲህ በየሰንበቴው ይህንኑ እናገራለሁ። «ውሻው ጓሳ የገባበት ሰው አጨዳውን ትቶ ይመለስ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰዉም ተስማማ።

ጠዋት ውሻችንን መከታን አዲስ ባለሰለስኩት ጠፍር ከበረቱ ምሰሶ ጋር አሰርኩትና ከባለቤቴ ከየሺና ከብርቄ ጋር ወጣሁ። አጨዳው ተጀምሮ ገና ሰውነቴ ሳይፍታታ ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። መከታ የጠፍሩን ቁራጭ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጭራውን እየቆላ ይመጣል።

«የማን ውሻ ነው?» አለ አንዱ፣ እያወቀ።

«የሰባኪው ነዋ!»

የሺ ወገቧን ይዛ አየችኝ። «በቅቤ ባሸኸው ጠፍር ነው ያሰርከው? ቁርሱን ሰጥተኸው ነው የመጣኸው በለኛ!»

የጓሳው ሽማግሌ አያ ግዛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ደምሴ፣ ልጅ ልትድር ነው። ለዛሬ እንለፍህ?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ እሺ በል ብሎኝ ነበር። ብርቄን አየኋት፤ ፊቷን ወደ ሣሩ አዞረች።

«አይሆንም አያ። ዛሬ እኔን ካለፉ ነገ ማንን ይይዛሉ?» አልኩና ማጭዴን አስቀመጥኩ።

«በል ሂድ» አለች የሺ። «ውሻው የተከተለው አንተን ነው። እኔንና ልጄን ማን ከልክሎን!»

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ አያ ግዛውም እንዲያጭዱ በእጃቸው አሳዩአቸው።

መከታን በኩታዬ ጫፍ አስሬ እየጎተትኩ ስመለስ፣ ከጉብታው ሥር አንዲት ቀይ ቀበሮ አየሁ። ሆዷን ከመሬት አስጠግታ ለአይጥ ታደባለች። ውሻው ቢያመልጠኝ ያ ሁሉ ስብከቴ ከንቱ ሊሆን ነው። ሣሩ ላይ ተኛሁና መከታን ከሥሬ አድርጌ አፉን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩት።

ቀበሮዋ ዘላ አይጧን ያዘች። በአፏ ይዛ ወደ ጉድጓዷ ስትሄድ ቡችሎቿ እየተንከባለሉ ወጥተው ከበቧት። ስለ ቀበሮ ስንት ጊዜ ተናግሬ፣ ልጆቿን ስታበላ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ጤዛው ደረቴን አርሶታል፤ ውሻው ከሥሬ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ። ያን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ አላውቅም።

እነየሺ ማታ ሣሩን በአህያ ጭነው ገቡ። ሁለት ሰው የሚችለውን ያህል ነው። ጎጆው ተከደነ፤ ከበሩ በስተቀኝ ያለው ግን ሳሳ። ክረምት ሲገባ እዚያ ጋ ያንጠባጥባል። አማቼ፣ የብርቄ ባል፣ ጣሳ ይደቅንበትና፣ «ይቺ የመከታ ድርሻ ናት» እያለ ያስቃል።

በዚያ ቀን አልቆጭም። ለልጄ ክዳኗ ስለሳሳ አዝንላታለሁ፤ ሰው ፊት ቃሌን ባጥፍ ግን የባሰ አፍርባት ነበር። ልጠይቃት ስሄድ «አባዬ፣ ወዲህ ደረቁ ጋ ይቀመጡ» ትለኛለች። እኔ ግን ጣሳውን ገፋ አድርጌ እዚያው ከሚያንጠባጥበው ሥር እቀመጣለሁ።