ከንግሥቷ ፊት የቆመችው ቁልፍ

ልጄ ከቼዟ አንድ ነጭ ወታደር ጠፍቶባት ስታኮርፍ፣ ከክር ቅርጫቴ ውስጥ አንዲት ነጭ የኮት ቁልፍ አውጥቼ ሰጠኋት። ይህቺን ቁልፍ ባየኋት ቁጥር አራዳ የነበረው የአያ ተገኘ ልብስ ስፌት ቤት ይታየኛል።

በልጅነቴ ቼዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ወታደሮቻችን የኮት ቁልፎች ነበሩ። ቤተ እስራኤል ስለነበሩ ያን ጊዜ ወንድሞቻቸው እስራኤል ገብተው፣ ከስፌት ቤቱ በግራም በቀኝም የነበሩት ሱቆቻቸው ተዘግተዋል። አያ ተገኘ ብቻቸውን ቀርተው ወደዚያ የሚሄዱበትን ተራቸውን ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ከንግሥቴ ፊት የነበረችው ቁልፍ መሃል ሜዳ ላይ ብቻዋን ቀረች። በጎኗ የሚጠብቃት አንድም ወታደር የለም።

"አያ፣ ይቺማ አለቀላት፤ ይብሏት" አልኩ ተናድጄ።

"ምነው ቸኮልሽ?" አሉኝ። "ጎረቤት የላትም፤ እውነት ነው። ግን ግራ ቀኟ ባዶ ሲሆን ለግንቦችሽ መንገድ ተከፈተ። በሁለቱም ጎኗ አውጫቸው።"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ አልነበረም፤ የተዘጉትን በሮች ያዩ ነበር። እኔ ግን ስለ ጨዋታው ብቻ መስሎኝ ግንቦቼን አወጣሁ። አሸነፍኳቸውም።

ተራቸው ደርሶ ሲሄዱ ያቺን ቁልፍ ከዩኒፎርሜ ኮሌታ ሥር ሰፍተውልኝ ሄዱ።

ልጄ ቁልፏን ከንግሥቷ ፊት አቆመቻት።

"እማዬ፣ መጀመሪያ ይቺ ትሂድ" አለችና ሁለት ቤት ገፋቻት።