የካማጉዌይ ጋን

ቅዳሜ ዕለት አሜሪካ፣ ሊልበርን ውስጥ ከልጄ ጋር የችግኝና የአበባ ማሰሮ መሸጫ ገባን። ውሃ የተረጨ ሸክላ ሲሸተኝ ጭንቅላቴን አንዱ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ከተትኩ። ወዲያው ኩባ ገባሁ፣ ያውም ያለ ቪዛ!

ያኔ በወጣትነቴ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያ ተማሪዎች ነበርን። አንድ ቀን ባቡራችን ካማጉዌይ ቆመ። ከባሕር ርቃ፣ አገር መሀል የተቀመጠች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ የዙሪያዋ ሜዳ ከብትና ነጋዴ ሁሉ የሚያልፈው በእሷ ነው። ጠመዝማዛ መንገዶቿ የተሠሩት እዚያ ድረስ ዘልቆ የሚዘርፍ የባሕር ወንበዴ መንገድ እንዲጠፋበት ነው ይባላል። ወንበዴውን እንጃ፣ ውሃ ፍለጋ የወረድኩትን እኔን ግን ዋጥ አደረጉኝ። ምላሴ የጫማ ሶል ሆኗል፤ ባቡሩ ደግሞ ሊሄድ ያፏጫል!

ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አዩኝ። ክፍላችንን ከነአስተማሪው ከሚውጠው ጋናቸው ቀዝቃዛ ውሃ ቀድተው፣ "እንካ ልጄ፤ ከዚህ የጠጣ ሰው ካማጉዌይ ሳይመለስ አይቀርም" አሉኝ።

"ኧረ ይተዉ፣ አልጠማኝም!" አልኩ፣ እንደ አገሬ ወግ "በሞቴ" እስኪሉኝ እየጠበቅሁ።

"እሺ" ብለው ራሳቸው ጭልጥ አደረጉት! ከዚያ "ጣቢያው በዚያ ነው፣ ሩጥ!" አሉኝ። ነፋስ ቀድሜ ሮጥኩና የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ተንጠለጠልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለስኩም።

ይህን ስነግራት ልጄ በሳቅ ፈረሰች።

"ዳዲ፣ ለምን ሄደህ አትጠጣም? ቲኬት ቡክ ላድርግልህ?"

"አድርጊ!" አልኳት፣ አፏን ሳትገጥም።