ለአምስት ዓሣ የተገዛ መብራት

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ጎጃም በረንዳ አምፖልና ሶኬት ሲሸጡ ኖረው፣ ሱቁን ለወንድሜ ከለቀቁ በኋላ ሥራቸው ዓሣ መቁጠር ሆነ። አምስት ብርቱካንማ ዓሣ፣ አንድ የመስታወት ገንዳ፣ ገንዳውም ሳሎናችን መስኮት ሥር። ማታ ማታ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ይቆጥሩና "አምስቱም አሉ" ብለው ወደ ራት ይቀርባሉ። ድሮ ሱቅ ሲዘጉም እንዲሁ ነበሩ፤ ዕቃቸውን ሳይቆጥሩ ቁልፍ አይነኩም።

መስከረም ላይ ፀሐይዋ ስትመለስ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ ጎመን የተቀቀለበት መሰለ። ብንቀይረውም በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ጥፋተኞቹ ግልጽ ነበሩ፤ አንዱ መስኮቱ፣ ሌላው የአባቴ እጅ። ጠዋት ዳቦ ይፈረፍሩላቸዋል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፍርፋሪ የለም ብለው ይደግሙላቸዋል። ገንዳውን ከመስኮቱ እናርቀው ስላቸው "እዚያ ያስቀመጥኩት ለብርሃኑ ብዬ ነው" አሉኝ። ግትርነት ነው ብዬ ተውኳቸው።

በዚህ መሀል ሁለት ዓሣ ሞተ። አባቴ ሳይነሱ አውጥቼ ለጎረቤት ድመት ሰጠሁና አልነገርኳቸውም። ፈሪ ነኝ፤ እነዚያን ዓሣዎች ከእኔ አብልጠው እንደሚወዱ አውቃለሁ። ማታ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብለው "አምስቱም አሉ" አሉ። በዚያ ጎመን ውስጥ እንኳን ዓሣ መርከብም አይታይ፣ በልማድ ያሉት ነው ብዬ ራቴን በላሁ።

መፍትሔው ዩቪ ነው ያለን መርካቶ ሰባተኛ አካባቢ የዓሣ ገንዳ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው። ውሃው በፓምፕ ተገፍቶ በአንድ ጥቁር ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት መብራት አረንጓዴውን ይገድለዋል። እስከዚህ እውነት ነው። ሰውየው ግን አላበቃም፤ በሽታ ይገድላል፣ ሽታ ያጠፋል፣ ውሃ መቀየር ያስቀራል አለ። ትንሽ ብንቆይ ባልና ሚስትም ያስታርቃል ማለቱ አይቀርም ነበር።

"ይብራና እንየው" አሉ አባቴ።

"ጋሼ፣ ይሄ አይታይም፤ ቱቦው ውስጥ ነው የሚበራው። ወረቀቱም ዓይን ይጎዳል ይላል።"

"ልጄ፣ እኔ አምፖል ሳይበራ ሸጬም ገዝቼም አላውቅም።"

መርካቶ ውስጥ ይህን የሚከራከር ነጋዴ የለም። ሻጩ መብራቱን ከቱቦው መዝዞ ያለ ሽፋን አበራልንና ሌላ ደንበኛ ሊያስተናግድ ዘወር አለ። አባቴ ወፍራም መነጽራቸውን እንዳደረጉ ራቅ ብለው ቆመው እኔን ወደፊት ገፋ አደረጉኝ።

"አንተ እየው። ቀለሙ ምንድን ነው? ጫፉ ጠቁሯል?"

አፍንጫዬን አስጠግቼ አየሁ። "ሰማያዊ ነው። ጫፉም ደህና ነው።"

"ቆይ፣ አይጥፋ። አምፖል ሲቆይ ነው የሚታወቀው።"

ቆየን።

ሲመሻሽ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተደፋ መሰለኝ፤ ጠዋት ጭራሽ መግለጥ አቃተኝ። አባቴ እጄን ይዘው በራጉኤል በኩል በእግር ወደሚደረስባት የዓይን ክሊኒክ ወሰዱኝ። መንገዱን ሙሉ ፍዳዬን አሳዩኝ። መጀመሪያ ከጋሪ ጋር አላተሙኝ፣ ቀጥሎ ከተደረደረ የፕላስቲክ ባልዲ ጋር፣ በመጨረሻ አንድ እግሬን ቦይ ውስጥ አስገቡኝ። "አባባ፣ ከሁለታችን የታወረው ማን ነው?" አልኳቸው በንዴት። እጄን ጠበቅ አድርገው ወደፊት ሳቡኝ። እኔም ካልሲዬ ርሶ ስለነበር ሌላ ነገር ልብ አላልኩም።

ሐኪሟ ዓይኔን ገልጣ አየችና "በያጅ ነህ?" አለችኝ። የመጋረጃ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ አልኳት። ታሪኩን ስነግራት ሳቋን በሳል ስትሸፍን ሰማኋት። በሁለት ቀን ይለቅሃል አለች፤ ለቀቀኝም።

መብራቱን ቱቦው ውስጥ መልሰን ገጠምነው። እውነቱን ለመናገር ሠራ። በሳምንቱ ውሃው ጠርቶ የዓሣው ቅርፊት እስኪቆጠር ድረስ ታየ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን አረንጓዴ ግን አልነካውም፤ እሱን በስፖንጅ የፈገፈግኩት እኔ ነኝ። ውሃ መቀየሩም አልቀረልኝም። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ለሚለኝ ሰው የምለው ይህን ነው፤ መጀመሪያ ገንዳህን ከፀሐይ አርቅ፣ ዳቦውንም ራስህ ብላው። እንዲያም ሆኖ ውሃው ካልጠራ ግዛው፤ ብቻ ሲበራ ካላየሁ አትበል።

ውሃው በጠራበት ማታ ቀድሜ ገንዳው አጠገብ ቆምኩ። አሁን ሊቆጥሩ ነው፣ የሁለቱ መጥፋት ሊታወቅ ነው። የምለውን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። አባቴ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ጎንበስ አሉና ጣታቸውን ወዲያ ወዲህ አደረጉ።

"አምስቱም አሉ" ብለው ወደ ራት ዞሩ።

ሦስቱ ዓሣዎች በጠራው ውሃ ውስጥ ፊት ለፊታቸው ይዋኛሉ። ጋሪው፣ ባልዲው፣ ቦዩ፣ "አንተ እየው" ያሉኝ ተራ በተራ መጣብኝ። በራሴ አፈርኩ።

በማግስቱ በተራዬ እጃቸውን ይዤ እዚያችው ክሊኒክ ወሰድኳቸው። የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣና በምትኩ ሌንስ ይገባል አለች ሐኪሟ። አባቴን ያሳሰባቸው ቀዶ ሕክምናው አልነበረም።

"ሌንሱ ከመግባቱ በፊት ይሞከራል?"

"አይሞከርም፣ አባባ።"

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሞክሩ ወሰዱ።

የመጀመሪያው ዓይናቸው ፋሻ በተነሳ ማግስት ገንዳው ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

"ሦስት ናቸው" አሉ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"መብራቱን ከመግዛታችን በፊት።"

ዓይናቸውን ከዓሣዎቹ ላይ አላነሱም።

"የዓይኔም ነገር ከዚያ በፊት ነው" አሉኝ።