ዳኛው የታመሙ ዕለት

የልጅ ልጄ ፋጡማ ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክላለች። ድራማው ውስጥ ሚኒስትሩ ደውሎ ሲያስፈራራው፣ ዳኛው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበትና ጠረጴዛውን በመዶሻ ደበደበ።

"አኮ፣ ይዩልኝማ! ዳኛ ማለት እንዲህ ነው!" አለችኝ፤ አያቷን የምትጠራኝ "አኮ" እያለች ነው።

ጠረጴዛ መደብደብ ምን ይከብዳል! እኔን ግን የመዶሻው ድምፅ አጋሮ ወሰደኝ፣ ልጅነቴ ድረስ፤ ታሪኩንም አወራኋት።

የአውራጃው ገዥ አማች የአባቴን የቡና መሬት "የኔ ነው" ብሎ ከሶን ነበር። ዳኛው ምስክሮቹን ሰምተው እውነቱ ከኛ ጋር መሆኑን በችሎት ተናግረዋል፤ የቀረው ፍርዱ ብቻ ነበር። በቀጠሮው ቀን ግን አባቴ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

"ዳኛው ታመሙ ተባለ" አለ።

እናቴ የዋህ ነበረች። "ውይ፣ አላህ ያሽራቸው!" ብላ ወተት አፍልታ በእኔ ላከችላቸው። ግቢያቸው ስገባ የገዥው አሽከር ሙክት ይገፍፋል፤ በሽተኛው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቅልጥም ይግጣሉ። ወተቱንም ተቀብለው ጭልጥ አደረጉት። ከዚያ አፋቸውን ጠርገው፣

"ለአባትሽ፣ ልጆች አሉኝ ብለዋል በይው" አሉኝ።

አባቴም እኮ ልጆች አሉት፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

በምትካቸው የመጣው ዳኛ መሬቱን ለአማችየው ፈረደለት። አባቴም በገዛ ቡናው ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ለቀመ።

ፋጡማ ድራማዋን ረስታ፣ "ታዲያ እኒያ ዳኛ ዳኑ?" አለችኝ።

"ዳነ እንጂ! በተፈረደብን ማግስት በቅሎ ጭኖ ገበያ ወጣ። አባቴን ሲያገኘውም ከበቅሎው ሳይወርድ 'እግዜር ያጽናህ' አለው።"