ለሙሽራው የተፈተነው መምህር

የእግሩን ጥፍር እየቆረጠ በተገለጠ መጽሐፍ ላይ የሚያረግፍ ሰው ምን ይማራል? ተማሪው ሠላሳ ዓመት የደፈነ የነጋዴ ልጅ ነው፤ ብርጭቆ እንኳ ከቦታው አንስቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ሙሽራው» ይለዋል። የእንግሊዝኛ መምህሩ ገና ደጃፉን ሲረግጥ ያንገሸግሸዋል። በዚህ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ውስጥ «ዬት» ይገባል ወይስ «ኦልሬዲ» ሲለው፣ ሙሽራው እያዛጋ «ያው አይደሉ እንዴ? አንዱን ምረጥልኝ» ይላል።

በሥራ ቅጥር ፈተናው ጠዋት አባትየው ዓይናቸውን በጨው ታጥበው መምህሩን ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጡት።

«በል ተፈተንለት። ከቤት የሚሠራ ፈተና ነው፣ ማን ያያል? የአየር መንገዱ ቲኬት ቢሮ የሚቀጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

መምህሩ ክው አለ። ያችን ቦታ ታናሽ እህቱም ትፈልጋታለች። ሰው ቤት ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ይህን ጊዜ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጣ እየተፈተነች ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሌብነት ነው።»

«ሌብነት? ልጄን ማስተማር ያቃተህ አንተ! ቤቴን ለቀህ መውጣት ካማረህ ንገረኝ።»

መምህሩ ከእህቱ ጋር የተከራየው ቤት የእሳቸው ነው። ወንበሩን ወደ ኮምፒዩተሩ አስጠጋ። «ቆይ፣ ሆን ብዬ አበላሽለታለሁ» አለ በሆዱ።

የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ፦ አውሮፕላኑ መነሣት አለመነሣቱን የማያውቅ መንገደኛ ምን ብሎ ይጠይቃል? ጣቱን ወደ «ስቲል» ወሰደ። ግን ያንን ስሕተት ዕድሜውን ሙሉ በቀይ ሲሰርዝ የኖረ ጣት እምቢ አለ። «ዬት»ን ተጫነ። ቀድሞ መነሣቱ ላስደነገጠው «ኦልሬዲ»ን፣ አሁንም ቆሞ ለሚጠብቀው «ስቲል»ን እያለ አንድ ሳያዛንፍ ጨረሰው። ሙሽራው ከኋላው ሶፋ ላይ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። መምህሩን ግን ከዚያ ሰውዬ ይልቅ የገዛ እጁ ቀፈፈው።

ቤቱ ሲደርስ እህቱ ሮጣ ተጠመጠመችበት።

«ወንድም ጋሼ! እነዚያ ስታሠለጥነኝ የከረምክባቸው የጊዜ ቃላት መጡ እኮ! አንዷ ብቻ ተምታታችብኝ።»

«ጎበዝ» አላት፣ ፊቷን ላለማየት ጎንበስ ብሎ።

«አንተ ራስህ ካልተፈተንክ በቀር ማን ይበልጠኛል?» ብላ ሳቀች።

መምህሩ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።