በማራቶኑ ቀን የቀረው ደቦ

ሀገር ስትሸነፍ እኔ የምሆነውን እናቴ ታውቃለች። እህል አልቀምስም፣ ሰው አላናግርም፣ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። "ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" ትላለች ከውጭ ሆና። "አምስት ሺህ ሜትር" እላታለሁ። የቆየ ቀልዳችን ነው፤ አሁን አሁን ሁለታችንም አንስቅበትም።

በዚያ ክረምት ሟቹ በዛ። መጀመሪያ የእግር ኳስ ቡድናችን ከማጣሪያ ወጣ። ለእሱ ማንም አላለቀሰም፤ ለምደነዋል። ሩጫው ግን ሌላ ነው። ሩጫ ለእኛ የቤታችን ነገር ነው፤ ሌላው ሕዝብ መጥቶ ሲወስድብን ከጓዳችን ዕቃ የተነሳ ያህል ይሰማናል። በአሥር ሺህ ሜትር ሦስቱ ልጆቻችን የመጨረሻው ዙር ደወል እስኪደወል ድረስ ፊት ፊት እየመሩ ቆዩና፣ ደወሉ ሲጮህ እንደ ቆሙ ሰዎች ታለፉ። በአምስት ሺህ አንዷ ወደቀች፣ ሌላዋ እሷን ላለመርገጥ ስትል ቀረች። መሰናክሉን አላየሁትም፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። መሸነፋችንን ግን ከጎረቤት ጩኸት አወቅኩ፤ ሰው በደስታ ሲጮህና ሲበሳጭ ድምፁ አንድ አይደለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሆነው ለመተንፈሻ ጊዜ ባልነበረኝ ክረምት ነው። አሶሳ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ የክረምት ተማሪ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው መንደራችን ሄጄ የእናቴን በቆሎ አርማለሁ። መንደራችን ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። በደርግ ጊዜ ወላጆቻችንን ከወሎ አምጥተው ሲያሰፍሯቸው ለመንደሮቹ ስም የሚያወጣ ሰው አልተገኘም መሰለኝ፣ ቆጥረው ሄዱ።

ከመንደራችን በታች ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ የበርታ ሽማግሌ ይኖራሉ። አባቴ እዚህ አገር ሲመጣ የትኛው መሬት ለማሽላ፣ የትኛው ለኑግ እንደሚሆን በእጃቸው እያሳዩ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አባቴ የሞተበትን ክረምት አልረሳውም። እኛ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን በቆሏችን በአረም ሲዋጥ ማንም ሳይጠራቸው ከልጆቻቸው ጋር ወንዙን ተሻግረው መጡና በሦስት ቀን አርመው ጨረሱት። ምሳቸውን እንኳ ከቤታቸው ይዘው ነበር የመጡት።

በዚያ በምለው ክረምት ደግሞ እሳቸው ቸገራቸው። ማንጎ ሲያወርዱ ከዛፍ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ነበር። ልጆቻቸው ወርቅ ቁፋሮ ኩርሙክ ናቸው፤ ያቺ ማሽላ ካልታረመች ደግሞ ቤቱ የዓመት ቀለብ የለውም። ስለዚህ ደቦ ተባለ፣ ቀኑም ለእሑድ ተቆረጠ።

በእኛ አካባቢ ደቦ ጠሪ አለው። ጠሪው በዋዜማው ቤት ለቤት እየዞረ "ነገ ነው፣ ተነሱ" ይላል። ጠሪ ካልመጣ ደቦው የቀረ ነው ብሎ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሽማግሌው ለእኛ መንደር ወጣቶች ጠሪ ያደረጉት እኔን ነው።

"አንተ አስተማሪ ነው። ልጆች አንተን ይሰማል" አሉኝ በተሰባበረ አማርኛቸው።

እሑዱ የማራቶን ቀን መሆኑን አውቅ ነበር። ይህን መደበቅ አልችልም። የቀረችን ተስፋ ማራቶን ናት እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስቆጥር የሰነበትኩ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመጥራት ስወጣ፣ ከመጀመሪያው ቤት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ብቅ አለና፣

"ቲቸር፣ ነገ ማራቶኑ አይደል እንዴ?" አለኝ።

ይህን ጥያቄ እየጠበቅኩት ነበር። ሌላ ሰው እንዲጠይቅልኝ ነበር የፈለግኩት። "ልክ ነህ፤ እንግዲያው ደቦው ማክሰኞ ይሁን፣ ምን ይላል" አልኩት። ሁለተኛውም ቤት እንደዚሁ ሆነ። ሦስተኛው ቤት ስደርስ ጥያቄውን መጠበቅ ተውኩ፤ እኔው ራሴ "ነገ ቀርቷል፣ ማክሰኞ ነው" እያልኩ አለፍኩ። ቤቶቹን ሁሉ አዳረስኩ። በዚያ ክረምት እንደዚያ በትጋት የሠራሁት ሥራ ትዝ አይለኝም።

ለሽማግሌው መንገር ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ሁለተኛ አልሞከርኩም። ቤታቸው ወንዙን ተሻግሮ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሰማዩን አየሁት፣ ጠቁሯል። ነገ በጠዋት እደውላለሁ ብዬ ገባሁ። በጠዋት ግን ሞተር ተሳፍሬ ከተማ ነበርኩ።

ኳስ የሚታይበት ቤት ጢም ብሏል። እርጥብ ጃኬት በእርጥብ ጃኬት ላይ ተደራርቦ፣ አግዳሚው ሞልቶ፣ በሩ ላይ ሳይቀር ሰው ቆሟል። ልጆቻችን እስከ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ከፊት ነበሩ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እጄን ጭብጥ አድርጎ ይዞኛል፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ አንዱ ጎኑን ይዞ ቆመ፣ ሌላኛው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀረ፣ የመጨረሻው አራተኛ ሆኖ ገባ። አራተኛ! ከአራተኛነት ሃያኛ መውጣት ይሻላል፤ ሃያኛ የወጣ ቢያንስ ምኞት አያሳይህም።

ተነስቼ ጮህኩ። አሰልጣኙን፣ ኃላፊዎቹን፣ ሯጮቹን፣ አንድም አልቀረኝ። "ወጥተው ሕዝቡን ይቅርታ ይጠይቁ! ኃላፊነት የሚባል ነገር የለም እንዴ?" አልኩ። ቤቱ አጨበጨበልኝ። ወዲያው አራተኛ የወጣውን ልጅ ማይክራፎን ደቅነው አሳዩት። ገና ትንፋሹ አልተመለሰም፣ ከንፈሩ ላይ ጨው ደርቋል። "የኢትዮጵያን ሕዝብ ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለና ፊቱን በማሊያው ሸፈነ። እኔም "አሁን ምን ይሠራል!" አልኩት፣ የሚሰማኝ ይመስል።

ቤት ስደርስ እናቴ የለችም። ጠረጴዛው ላይ የተከደነ ሳህን አገኘሁ፤ የማሽላ ገንፎ ነው፣ በባሚያ ወጥ። በሽንፈት ቀን የማልበላው ሰው ያን ቀን ርቦኝ ነበር። እየተራገምኩ ጠራርጌ በላሁት። ጣቴን ስልስ እናቴ ገባች።

"ከማዶ ነው የተላከው" አለችኝ። "አራት ሰው ብቻ ነው አሉ የመጣው፣ ያውም ከእነሱ ወገን። የሽማግሌው ሚስት ለሃያ ሰው አሰናድታ ምን ታድርገው? እየዞረች ለየቤቱ አደለችው።" ከዚያ አየችኝ። "አንተ ልጆቹን ጠርተሃቸው አልነበር?"

"ጠርቻቸዋለሁ" አልኳት።

ሰኞ ዝናብ ጣለ። ማክሰኞም ጣለ። በዝናብ ማረም ከንቱ ነው፤ የነቀልከው አረም ጭቃው ላይ ተመልሶ ሥር ይሰዳል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ለደቦው ብዬ ከትምህርት ቀርቼ እናቴ ቤት ሳለሁ፣ በር ተንኳኳ፤ ስከፍት ሽማግሌው ቆመዋል። ላስቲክ ተከናንበው፣ በምርኩዝ፣ በዚያ እግር ወንዙን ተሻግረው መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ቶሎ ወንበር አቀረብኩላቸው። ገብተው ተቀመጡ፣ ላስቲኩን አጣጥፈው ከእግራቸው ሥር አኖሩና ለቅሶ ለመድረስ እንደመጣ ሰው አንገታቸውን ደፉ።

"ሰማሁ። ሀገር ተሸነፈ አለኝ። ማሌሽ" አሉኝ።

ማሌሽ ከሱዳን ወዲህ የተሻገረ ቃል ነው። እዚህ አይዞህ፣ አትዘን፣ ምንም አይደለም ለማለት ማሌሽ ነው የሚሉት።

"አባባ፣ ስለ ደቦው…" አልኩ።

"ልጆች ሩጫ ወደደ፣ ሄደ። ምን ታደርጋለህ? አንተ ጠራህ፣ እነሱ እምቢ አለ።" እጄን መታ መታ አደረጉ። "እርሻ የኔ ነው። ሩጫ ግን የሁላችን ነው። ወላሂ እኔም ከፋኝ።"

እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ስለነበር ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሸኘኋቸው፤ እስከ ወንዙ እንኳ አልሄድኩም፣ እስከ አጥሩ።

ዝናቡ ሁለት ሳምንት አልለቀቀም። ሲያባራ ማሽላው ከአረሙ በታች ነበር። እነዚያን ልጆች ይዤ ሄድኩ፣ አረምን፤ ግን የዘገየ ነገር ዘገየ፣ የተረፈው አገዳ የልጅ ጣት ያክላል። በኅዳር ሚስታቸው ጆንያ ይዛ ሆሞሻ ወንድሟ ቤት እህል ፍለጋ ስትሄድ መንገድ ላይ አገኘኋት። ሰላም አለችኝ፣ እናቴን ጠየቀችኝ። ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት ያ ሯጭ ዓመቱን ሙሉ ዓይኔ ላይ ይመጣብኝ ነበር። እሱ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ፣ ጥፋት ሳይኖርበት ይቅርታ አለ። እኔ ሃያ ደቂቃ መራመድ አቅቶኝ፣ አፌንም ዘጋሁ። ያንን ልጅ የሰደብኩትን ስድብ ሳስብ ምላሴን ነክሼ ብቆርጠው ደስ ባለኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ለማሽላቸው አረም ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። ለብቻዬ፣ ሦስት ቅዳሜና ሦስት እሑድ። እግራቸው ድኗል፣ ግን ቁጢጥ ማለት አይችሉም፤ እርሻው ዳር ጉቶ ላይ ተቀምጠው ያጫውቱኛል። በሦስተኛው እሑድ ሌላ ውድድር ነበር። እኔ ሆን ብዬ ረስቼዋለሁ፤ እሳቸው ግን አልረሱም። ትንሽ ሬዲዮ ይዘው መጡ።

"ለአንተ ነው" አሉኝ። "አንተ ይወዳል።"

አንቴናውን አውጥተው አዙረው አዙረው አገኙት። ልጆቻችን ፊት ናቸው ይላል ሰውየው። አረሙን እንደያዝኩ ፊቴ ጭፍግግ አለ። ከዚያ አንዷ ወደ ኋላ ቀረች ሲል ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁና ከሩቅ "ማሌሽ" አሉኝ።

ያቺን ቃል ሁለተኛ መስማት አልቻልኩም። ተነስቼ በመስመሩ መሃል መጣሁና ፊታቸው ቆምኩ፣ እጄ ጭቃ ነው።

"አባባ፣ አምና ልጆቹ እምቢ አላሉም። አልጠራኋቸውም። ቤት ለቤት ዞሬ አትምጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ማራቶኑን ለማየት ብዬ። ለእርስዎም አልነገርኩም። ይቅር ይበሉኝ።"

ማሌሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሉኝም። እጃቸውን ሰደው ሬዲዮኑን አጠፉት። ሰውየው ገና እየጮኸ ነበር፤ ማን እንደቀደመ አልሰማንም። ከዚያ ሚስታቸው እሳት ወደምታነድበት ጎጆ በአገጫቸው አመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሚስቴ እንዳይሰማ" አሉኝ። "ያን ቀን ለሃያ ሰው ነው የሠራው። ሌሊት ተነስቶ።"

ወደ መስመሬ ተመለስኩ፤ ጎንበስ ብዬ አረሙን ያዝኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሚስታቸው ገንፎውን ይዛ መጣች። "ብላ እንጂ" አለችኝ፣ እኔም በላሁ።