የግማሽ ሰዓት ጨዋታ

የእህቴ ልጅ የኮምፒውተር መምህር ነው። ባለፈው ሳምንት ለመጽሔት የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጅቶ አማርኛውን እንዳርምለት ላከልኝ። የጻፈው በስልክ ላይ ስለሚጫወቷቸው ተራ ጨዋታዎች ነው፤ በሁለት ቀን ተሠርተው ስለሚለቀቁ፣ ታሪክ ስለሌላቸው፣ ከአንድ አውራ ጣት በላይ ስለማይጠይቁ። "እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ቦታ የላቸውም" ብሎ ይደመድማል። ሐሳቡ በሥርዓት የተደረደረ ስለነበር የሚታረመው ጥቂት ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይህንኑ ጽሑፍ፣ ከሞላ ጎደል በዚሁ ቃል፣ እኔም በሃያ አራት ዓመቴ ጽፌው ነበር።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ኮምቦልቻ፣ ዛሬ በሌለ አንድ አነስተኛ የጆንያ ፋብሪካ ውስጥ፣ ዕቅድ ክፍል ተመደብኩ። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነበር። ጠዋት በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ከጉሙ ውስጥ ሹራብ ለብሼ እነሳለሁ፤ ታች ስንደርስ ሹራቡ ክንዴ ላይ ነው። በነሐሴ ከመንገዱ ዳር የሚጠበስ እሸት ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ሾፌሩ ግን ቆሞ አያውቅም።

አባቴ የወንጌል አማኝ ነበር። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ በየሰው ሳሎን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመከረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ።" በተፈጥሮዬም ዓይን አፋር ስለሆንኩ ምክሩ አልከበደኝም።

የቢሯችን መስኮት ሸማኔዎቹ ምሳ ሰዓት ላይ ጥላ ፍለጋ ወደሚቀመጡበት ግድግዳ ይከፈታል። ሸማኔዎቹ ሁሉም ሴቶች ነበሩ። አንድ ሰሞን ከዚያ በኩል ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ይመጣ ጀመር። በሦስተኛው ቀን የፋብሪካው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ፣ ጓድ ተሾመ፣ በራችን ላይ ብቅ አለ።

"ጓድ ምሕረት፣ ይሄ ምንድን ነው? ጫጩት ማርባት ጀመርን እንዴ?"

ሲጣራ ነገሩ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ጨዋታ ሆኖ ተገኘ። ከሸማኔዎቹ መሀል ዘምዘም የምትባል የሐርቡ ልጅ ነበረች፤ ወንድሟ የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ ከወደብ ያመጣላት እሱ ነው። መዳፍ የምታህል ሣጥን ናት። ግራጫ መስታወቷ ላይ ቅርጫት የያዘ ሰው ከዛፍ የሚወድቅ ፍሬ ይቀልባል። ሁለት ቁልፍ አላት፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም። ሦስት ፍሬ ካመለጠ ያልቃል፤ ከዚያ እንደገና ይጀመራል።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ" አለኝ ጓድ ተሾመ። "ሠርቶ አደሩ እረፍቱን በምን ያሳልፍ? ዐርብ በጥናት አስደግፈሽ ለክበቡ ታቀርቢያለሽ።" ሊወጣ ከዞረ በኋላ ቆመ። "የአባትሽን ነገር እናውቃለን። አንቺ ግን ሌላ ነሽ፤ አይደል?"

ፈገግ ብሎ ነበር። "አዎ" አልኩ።

ጽሑፉን በሁለት ቀን ጨረስኩ። ጨዋታው ዕውቀት አይጨምርም፣ ግብ የለውም፣ አእምሮን ያደነዝዛል፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ጋዜጣ ቢነበብ፣ ሐሳብ ቢለዋወጡ ይሻላል አልኩ። በሦስት ቅጂ ታይፕ አስመትቼ አንዱን ለጓድ ተሾመ አስቀድሜ ሰጠሁ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር።

የቀረኝ የተጫዋቾቹ ቁጥር ብቻ ስለነበር ሐሙስ ረፋድ ላይ ደብተሬን ይዤ ወደ ሽመናው አዳራሽ ገባሁ። እስከዚያ ቀን በሩን አልፌ አላውቅም። ምሳ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ያህል ከማሽኖቹ መሀል ቆምኩ። ጫጫታው በጆሮ የሚገባ ሳይሆን ደረት ላይ የሚቀመጥ ነገር ነበር። የቃጫው ብናኝ ጉሮሮ ይይዛል። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው የሚግባቡት በእጅና በቅንድብ ነው።

ተያይዘን ስንወጣ ዓለም ዝም አለ። ጆሮዬ ውስጥ ከሚያፏጨው በቀር ምንም አልነበረም። ግድግዳውን ተደግፈን ተቀመጥን። አንዷ የማሽላ ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ዘምዘም አንድ ፍሬ ዘይቱን ጨመረችልኝ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አይሰማኝም። ሣቀችና ጨዋታዋን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ግራ። ቀኝ። ግራ። ሦስት ፍሬ ጣልኩና እንደገና ጀመርኩ። ስንት ጊዜ እንደጀመርኩ አላውቅም። ብቻ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ቀስ እያለ ሲነሳ ይታወቀኛል። በመጨረሻ ከሩቅ የውሃ ድምፅ፣ ከዚያ የዘምዘም ድምፅ መጣ።

"ሰማሽኝ አሁን? ወላሂ አንቺስ ቶሎ ተመለሰልሽ። ለኛ ሲመለስ እረፍቱ ያልቃል።"

"ለምን አትጨዋወቱም?" አልኳት፤ ጽሑፌ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነበር።

"በየትኛው ጆሮ?"

"ጋዜጣም ሞክረናል" አለች ቂጣ የሰጠችኝ። "ፊደሉ እንደ ማሽኑ ይንቀጠቀጥብናል።"

"ይቺ ግን ደግ ናት" አለች ዘምዘም ሣጥኗን እየጠረገች። "ምንም አትጠይቅ። ድምፅ እንኳ የላት፤ ማንን ትረብሻለች?"

"ድምፅ አላት" አልኩ።

"እ?"

ጮክ ብዬ ደገምኩት። "ጢጥ ጢጥ ትላለች። ቢሮ ድረስ ይሰማል።"

ሴቶቹ ተያዩ። ዘምዘም ሣጥኗን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቁልፉን ተጫነች። እኔ እሰማለሁ። እሷ ምንም አልተሰማትምና ራሷን ነቀነቀች። "ያ አላህ! ይሄን ሁሉ ቀን ስትለፈልፍብን ነው የኖረች?" ሁሉም ሣቁ። እሷ ቀድማ ሣቋን አቆመች።

"ለካ ለዚህ ነው ነገ ግለ ሂስ አድርጊ ያሉኝ። የምትናገሪው አንቺ ነሽ አሉ። ያየሽውን ትነግሪልናለሽ፤ አይደል?"

"እነግራለሁ" አልኩ።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ ተነስቼ ማንበብ ጀመርኩ። ጓድ ተሾመ ቅጂውን ይዞ በጣቱ ይከተለኛል። ዘምዘም እንዲሰማት ብላ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ከንፈሬን ታያለች። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቀና አልኩ። "ይህን የጻፍኩት የሽመናውን አዳራሽ ሳላይ ነው" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ነበረች። የጓድ ተሾመ ጣት ወረቀቱ ላይ ቆመና ጠበቀኝ። ከዚያ በየሳሎኑ በዝግታ የሚዘምሩት ሰዎች ታወሱኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አጨበጨቡ።

ዘምዘም ተነሳች። "ጥፋቴን አምኛለሁ፣ ጓዶች። ድምፅ እንዳላት ትናንት ነው የሰማሁ። እሱንም ሰው ነግሮኝ።"

የስብሰባው ክፍል በሣቅ ተሞላ። ሸማኔዎቹ አልሣቁም። ጨዋታዋ የጓድ ተሾመ መሳቢያ ውስጥ ገባች።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ በመስኮት አየሁ። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው በተርታ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ፊት ለፊታቸውን ያያሉ። ዘምዘም አየችኝና እንደ ወትሮዋ እጇን አንስታ ሰላም አለችኝ። መስኮቱን ዘጋሁት። ለባልደረቦቼ "ብናኙ በዛ" አልኳቸው።

ጨዋታዋ ተራ ነበረች፤ የሠራትም ሰው ብዙ የደከመባት አይመስለኝም። በዚህ ያኔም አልተሳሳትኩም። ለአባቴ ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው። ያም ሆኖ ቦታ የላትም ብዬ ያነበብኩት ቦታዋን ባየሁ በማግስቱ ነው። ይህን የሚያስተባብልልኝ ነገር እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የእህቴን ልጅ ጽሑፍ ፊደሉንና ነጥቡን አርሜ መለስኩለት። ከመደምደሚያው ጎን "ከጻፍከው በኋላ ያየኸው ነገር ካለ ጨምርበት" የሚል ማስታወሻ አኖርኩ። ወዲያው ደወለ። "አክስቴ፣ ምን ማለትሽ ነው?" አለኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ በቃል መናገር ግን ዛሬም ይከብደኛል። ቆይ እጽፍልሃለሁ አልኩት።